ከበረኛው ፊት የቆመው ጀርባ

ኒቆዲሞስ ከአብዲራሺድ ፊት ይልቅ ጀርባውን ያውቃል። በአንድ ክለብ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲጫወቱ እሱ በረኛ፣ አብዲራሺድ ከፊቱ የሚቆም ተከላካይ ነው። ላቡ ከማልያው አንገት ተነስቶ የት እንደደረሰ አይቶ ስንት ደቂቃ እንደቀረ መናገር ይችላል።

አብዲራሺድ ያደገው ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ነው። አባቱ ሲሞቱ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከጭነት መኪና የማሽላ ጆንያ ማውረድ ጀመረ። አንድ አሠልጣኝ ቁመናውን አይቶ «ኳስ ትችላለህ?» ቢለው፣ «ኳስ እንኳ አልችልም፤ ሰው ግን አላሳልፍም» አለ። የዕድሜ ልክ ሥራው ይኸው ሆነ። ጆንያ ከላይ ሲለቀቅበት ወደ ኋላ አይሸሽም ነበር፤ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይቀበለዋል። አጥቂ ሲመጣበትም እንደዚያው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጎል አላገባም። አፍንጫው ሁለቴ ተሰብሯል፤ ግራ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ሚስቱ ፊልሳን «ሌሎቹ ሚስቶች የባሎቻቸውን ጎል በቴሌቪዥን ያያሉ፤ እኔ የማየው ሲወድቅ ነው» እያለች ትስቃለች። ስትስቅ ግን ዐይኗ ከጉልበቱ አይነሳም።

ሁለቱ የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በረኛ ሜዳውን ሁሉ ስለሚያይ፣ ክፍተቱ በየት በኩል እንደሆነ ለተከላካዩ ይጮህለታል። የድሬ ልጆች ስለሆኑ ቋንቋ አይቸግራቸውም። ከኦሮሚያ የመጣ ቡድን ሲገጥማቸው በሶማልኛ ይጠራራሉ፤ ከጅግጅጋ ሲመጣ በኦሮምኛ፤ ለአዲስ አበባ ቡድን ደግሞ አፋቸው ላይ በመጣው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆነው ኒቆዲሞስ በሶማልኛ ሲጮህ የሰሙ እንግዶች ግራ ይጋባሉ።

ባለፈው ሰኔ የመጨረሻው ጨዋታ መጣ። ከአዲስ አበባው ቡድን ጋር አቻ ከወጡ ከሊጉ አይወርዱም፤ ከተሸነፉ ይወርዳሉ። ከወረዱ ክለቡ በዕድሜ የገፉትን እንደሚያሰናብት ሁሉም ያውቃል። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላውን አብዲራሺድን፣ ያውም ከዚያ ጉልበት ጋር፣ ሌላ ማን ይቀጥረዋል?

እስከ ሰባኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ነበሩ። ያኔ ተጋጣሚዎቹ አንድ ቀጭን አጥቂ ቀይረው አስገቡ። ኒቆዲሞስ በሶማልኛ «ግራህ ክፍት ነው!» ብሎ ሲጮህ፣ ቀጭኑ ልጅ ከአብዲራሺድ ቀድሞ ወደዚያው በረረ። ኳሷ የጎሉን ብረት መታች። ትንሽ ቆይቶ «መሃሉን ዝጋ!» ሲል አሁንም ልጁ መሃል ተገኘ፤ የመታትን ኳስ ኒቆዲሞስ በጣቱ ጫፍ አወጣት።

አጥቂው ሳቀ። «ዋርያ!» አለው አብዲራሺድን በሶማልኛ። «በረኛህ ደግ ሰው ነው፤ መንገድ ያሳየኛል። ዒሴ እባላለሁ፣ የሽኒሌ ልጅ ነኝ።»

ሽኒሌ ከድሬ አፍንጫ ሥር ናት። ሁለቱ የቡድኑን አገር ጠይቀው የልጁን አገር ሳይጠይቁ ቀርተዋል።

አብዲራሺድ እያነከሰ ወደ ጎሉ መጣ።

«ኒቆ፣ ከእንግዲህ ዝም በል።»

«በኦሮምኛ ልጩህ?»

«የሽኒሌ ልጅ ኦሮምኛ ይጠፋዋል? ዝም በል አልኩህ፣ አቦ!»

ኒቆዲሞስ ዝም አለ። ጩኸቱ ጉሮሮው ላይ በመጣ ቁጥር ዋጠው። ያኔ ነው ያየው። ዒሴ ወደ ቀኝ ለመሄድ ገና ሲያስብ የአብዲራሺድ ትከሻ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ኒቆዲሞስ «ግራ» ሊል አፉን ሳይከፍት ያ ግዙፍ ሰውነት ግራ ደርሷል። ዘወር ብሎ አያይም፤ ማንንም አይጠይቅም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ኒቆዲሞስ አሥራ አንድ ዓመት እየመራሁት ነው ሲል የኖረው ሰው አንድም ቀን መሪ አላስፈለገውም ነበር።

በባከነው ሰዓት ጭማሪ ዒሴ ከአምስት ሜትር መታ። አብዲራሺድ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ደረቱን ሰጠ። ድምፁ ተመልካቹ ጋ ድረስ ተሰማ። ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች፤ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሌሎቹ ይጨፍራሉ። ኒቆዲሞስ ከአብዲራሺድ ጎን ተቀመጠ።

«ለመሆኑ ስጮህ ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማለሁ እንጂ።»

«ሳልነግርህ ታውቀዋለህ እኮ! ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም በል አላልከኝም?»

አብዲራሺድ ካልሲውን እየጎተተ ፊቱን አጨማደደ። «ዛሬ ዝም ስትል ፈራሁ፣ ወላሂ። ከኋላዬ ሰው ያለ አልመስል አለኝ። አሁን ወሬህን ተወውና በረዶ ፈልግልኝ፤ ለከርሞ ይቺ ጉልበት ታስፈልገናለች።»

ኒቆዲሞስ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ በረዶ ፍለጋ ሮጠ።