ጾም ላይ የሞላው የዘፈን ሣጥን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አያ መኮንን ገንዘብ አላስነኩኝም። ጎንደር ፒያሳ ካለው ሱቃቸው ጓዳ አስቀምጠውኝ ሁለት ቁልፎች መዳፌ ላይ አኖሩ።

«ይህ የኛ ነው፤ ይህኛው ባለ ቡና ቤቱ ዘንድ የሚቀመጠው ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም» አሉኝ። «መደመሩን ለልጆች ስለምታስተምር ታውቀዋለህ። እኔ የማሳይህ በማን ፊት እንደሚደመር ነው።»

ያኔ አዲስ የተመደብኩ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእሳቸው ገንዘብ ሰብሳቢ ሆንኩ፤ ዛሬም ነኝ። አያ መኮንን በጎንደር፣ በአይከልና በአምባ ጊዮርጊስ ቡና ቤቶች የዘፈን ማኪናዎች አስቀምጠዋል። ማኪናው አሥር ሳንቲም ሲጎርስ የተመረጠውን ሸክላ አንስቶ ያዘፍናል። የከተማ ሰው ጁክቦክስ ይለዋል፤ ባላገሩ የዘፈን ሣጥን ይለዋል።

በዚህ ሥራ ሊገቡ የሚያስቡ ጓደኞቼ ስለሚጠይቁኝ ደንቡን ላስረዳ። በመጀመሪያ፣ ሣጥኑ ሳይከፈት ቆጣሪው ይነበባል። ቆጣሪው በእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ቁጥር የሚጨምር ትንሽ መሣሪያ ነው። ከዚያ ሁለቱ ቁልፎች ይገባሉ። ሳንቲሙ ጠረጴዛ ላይ በአሥር በአሥር ይደረደራል፤ አንዱ ክምር አንድ ብር ነው። መጀመሪያ ባለ ቡና ቤቱ ይቆጥራል፣ ቀጥሎ እኔ። ቀይ ቀለም የተቀቡት ሳንቲሞች ለብቻቸው ይወጣሉ፤ እነሱ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ባለቤቱ ዘፈን እንዲያስጀምርባቸው እኛው የምንሰጣቸው ናቸው። ቀዩም የቀረውም ተደምሮ ከቆጣሪው ጋር ከገጠመ፣ የቀረው ለሁለት ይካፈላል፣ ደረሰኝ በካርቦን ይጻፋል፣ የኛ ድርሻ ቦርሳ ይገባል።

ይህን ደንብ ከየት እንዳመጡት አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። አባታቸው የደብር አገልጋይ ነበሩ።

«ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አይተህ አታውቅም?» አሉኝ። «አንዱ ቁልፍ አለቃው ዘንድ፣ አንዱ ገበዙ ዘንድ ነው። ማንም ማንንም አይጠረጥርም፤ ብቻውን የሚከፍት የለማ።»

በዐቢይ ጾም ማኪኖቹ ያርፋሉ። ማንም ሳያዘው ሁሉም ባለ ቡና ቤት መስተዋቱን በጨርቅ ይሸፍናል። ፋሲካ ሲቃረብ አያ መኮንን፣ መካኒኩ ታከለና እኔ እየዞርን ማኪኖቹን ለበዓሉ እናሰናዳለን።

አንድ ዓመት በዚሁ ዙር አምባ ጊዮርጊስ፣ እትዬ እናኑ ቤት ደረስን። እትዬ እናኑ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቡና ቤቱን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። አዳራሹን ለማደስና ኖራ ለማስቀባት ጾም ሲገባ ማኪናውን በረንዳው ላይ አውጥተውታል፤ ፊቱ ወደ ገበያው መንገድ ነው። ቀኑም የገበያ ቀን ነበር።

ቆጣሪውን አነበብኩ። በጾም ዋዜማ ሣጥኑን ባዶ ስናደርግ ከመዘገብነው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ቁልፎቹን አስገባንና ታከለ መሳቢያውን ሳበ። እምቢ አለው። ሞልቷል።

«ወይ ጉድ!» አለ ታከለ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «እትዬ፣ ጾሙን ሙሉ ሲያዘፍኑ ከርመው ቆጣሪውን አቆሙት?»

«በመድኃኔዓለም! ከቅበላ ወዲህ የመብራት ሞተሩን አላስነሳሁም። ዝም በል አንተ፣ ሰው ይሰማል!»

ሰው ሰምቷል። ሁለት ሴቶች ቅርጫታቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል። በዚያች ትንሽ ከተማ በጾም አዘፈነች የተባለች ሴት ቤት ማንም አይገባም፤ የነፍስ አባቷም ደጇን አይረግጡም።

አያ መኮንን አልተቆጡም፣ አልጠየቁም። ማኪናው የለበሰውን ነጠላ አዩ። መስቀል የተጠለፈበት ነጠላ ነው፤ መስቀሉ ከሳንቲሙ አፍ በላይ ተዘርግቷል። ቀጥለው እጃቸውን ከነጠላው ሥር ሰደው የመልሱን ኪስ ዳሰሱ። ማኪናው የሚቀበለው አሥር ሳንቲም ብቻ ነው፤ አምስትና አንድ ሳንቲም ሲገባበት ወደዚያ ኪስ ይተፋዋል። እፍኝ ሙሉ አወጡ።

«አስተማሪ፣ ዘፈን ፈልጎ ሳንቲሙ የተመለሰበት ሰው ትቶት ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«አንተስ ታከለ?»

«እኔማ ማኪናውን እደበድባለሁ።»

«እንግዲያ ይህን ያስገባው መልስ የማይጠብቅ ሰው ነው። መሳቢያውን መልሱት፤ ነጠላውን አልብሱትና ውስጥ እንቀመጥ።»

ብዙ አልቆየንም። አንድ አዛውንት አህያቸውን እየነዱ መጡና በረንዳው ሥር ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሣጥኑን በግንባራቸው ተሳለሙ፣ ሳንቲም አስገቡ። አያ መኮንን ወጡ።

«አያ፣ እንዴት ዋሉ? ለማን ነው የሰጡት?»

«ምነው፣ አልሰማህም? ለመቅደሱ ቆርቆሮ ነዋ! ገበዙ ሣጥን በየመንገዱ እናቆማለን ብለው የለ? ይህ ደግሞ ሸጋ ሣጥን ነው፤ ስትሰጠው መድረሱን በድምፅ ይነግርሃል።»

ታከለ ሳቁን አፍኖ ወደ ጓሮ ሮጠ። እትዬ እናኑ አማተቡ፣ «በኔ ነጠላ!» አሉ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ገንዘቡ ግን መሳቢያው ውስጥ ነው። ታከለ ሲመለስ፣ «ማኪናው የኛ፣ በረንዳው የእትዬ፤ በደንቡ ለሁለት ነው። ሥራ ፈተን ነው የከረምነው» አለ።

«የኔን ድርሻ እሳት ይብላው!» አሉ እትዬ እናኑ።

«ደንቡ ከቆጣሪው ጋር የገጠመውን ተካፈሉ ይላል» አሉ አያ መኮንን። «ይህ አልገጠመም።» ከዚያ ታከለን የከተማውን ደብር ገበዝ እንዲጠራ ላኩት። ጠረጴዛው ቤት ውስጥ ነበር፤ እሳቸው ግን በረንዳው ላይ አስወጡት። ለምን እንደሆነ የገባኝ መንገደኛው መሰብሰብ ሲጀምር ነው።

ገበዙ ነገሩን ሰምተው ሣጥኑን በጥርጣሬ አዩት።

«መኮንን፣ የዘፈን ሣጥን ገንዘብ ለመቅደስ ክዳን ላውል?»

«ጾሙን አልዘፈነም አባ። ቆጣሪው ምስክር ነው።»

«ሲጎርስ ግን ከርሟል።»

«የጎረሰውን አልዋጠም፤ ይኸው።»

ገበዙ ሳቁና እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። እሳቸው ቆጠሩ፣ እኔ ቆጠርኩ፤ ገጠመ። ከዚያ ተነሥተው ለቆመው ሰው ተናገሩ፦ «በእናኑ ደጅ ያስገባችሁት ደርሶናል። እናኑም አላዘፈነችም፤ ያወራ ቢኖር መልሶ ያውራ።» ሁለቱ ሴቶች ቅርጫታቸውን አውርደው እትዬ እናኑን ሳሟቸው።

እኔ ደረሰኙ ላይ ብዕሬን ይዤ ቆምኩ። «አያ፣ ከማን ተቀበልን ይባል?»

«በእትዬ እናኑ ደጅ ካለፉ ሰዎች በል።»

እንዲሁ ጻፍኩ። ገበዙ ፈረሙ። የካርቦኑን ቅጂ እትዬ እናኑ ተቀብለው፣ ኖራው ከደረቀ በኋላ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። የፋሲካ ዕለት ሞተሩን አስነሥተው የመጀመሪያዋን ቀይ ሳንቲም ያስገቡት ከሥሩ ቆመው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጾም ሲገባ የሳንቲሙን አፍ በቡሽ እንወትፋለን። ገንዘብ ሲጎድል ማንም ይመረምራል። አያ መኮንን ያሳዩኝ ሲተርፍም እኩል እንደሚመረመር ነው፤ ከቆጣሪው በላይ የተገኘ ሳንቲም ባለቤቱ ሳይታወቅ ቦርሳ አይገባም።