ያልመለስኩት ወንፈል

ዛሬ ጠዋት ውጭ አገር ሄጄ ለመሥራት ተመዘገብኩ። ስድሳን የነካሁ፣ ሁለት ጉልበቶቼ በየተራ የሚያኮርፉኝ፣ ከአሶሳ ባምባሲ ለመሄድ እንኳ ሦስት ቀን የማስብ ሰውዬ፣ ስሜን ከነአያቴ አስጽፌ ቁጭ አልኩ።

ልጄ ሩቂያ ነርስ ናት። ተረኛ ስለነበረች «አባዬ፣ ሰልፉን ብቻ ያዝልኝ፤ ተራው ሳይደርስ እመጣለሁ» ብላ ሥራ ፈላጊ ከሚመዘገብበት ደጃፍ አቆመችኝ። ተራው ግን እሷን አልጠበቀም። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ አንዲት ቀልጣፋ ልጅ ቀና ሳትል «ስም?» አለችኝ። ስም ተጠይቆ የራሱን የማይናገር ሰው አለ? ሰይድ አልኳት። «ሙያ?» ገበሬ። «ዕድሜ?» እዚህ ላይ እንኳ ነቅቼ «ለልጄ ነው» ማለት ስችል፣ ዐሥር ዓመት ቀንሼ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው። «የመረጡት አገርስ፣ አባባ?» ስትለኝ ግን ዘወር ብዬ ሩቂያን በዓይኔ ፈለግኩ።

ከኋላዬ የተሰለፉት ወጣቶች ሳቃቸውን አልቻሉትም። «ፋዘር፣ ጃፓን ይበሉ!» አለ አንዱ። ሩቂያ እየሮጠች ደርሳ ስሜን አሰረዘች፤ አዲስ ቅጽም ተቀበለች። በባጃጅ ስንመለስ እስኪበቃት ስቃብኝ ስታበቃ ወደ እኔ ዞር አለች።

«አባዬ፣ የምር ግን የቱ ይሻለኛል? ዱባይ ነው ፖላንድ?»

ዱባይ አብራት የተማረች ጓደኛ አለቻት። ፖላንድ ውስጥ እሷን የሚያውቃት ሰው የለም፤ ኑሮው ግን ደልደል ያለ ነው ብለዋታል። እኔ ሳልጠየቅ ምክር የምሰጥ ሰው ነኝ፤ ጎረቤት በግ ሲገዛ እንኳ አስተያየት አለኝ። ዛሬ ግን ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ የማንጎ ዛፍ መቁጠር ጀመርኩ። አገር የመረጥኩለት የመጨረሻው ሰው ሐሚድ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም፤ እኔም ሃያ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩን መንደር ስም አልነበረውም። ቁጥር ነበረው፤ አምባ ስምንት። በቁጥር የሚጠራ መንደር ውስጥ ያደገ ጎረምሳ ስም ያለው አገር ቢያምረው አይፈረድበትም። ሐሚድ ከወንዙ ማዶ ያለው የበርታ መንደር ልጅ ነው፤ የእሱ እናት እርሻና የእኛ እርሻ ይዋሰናሉ። እኔ ሬድዮ ነበረኝ። በዚያች ሬድዮ ሰበብ አገር አዋቂ ተብያለሁ። የየአገሩን ዋና ከተማ እጠራለሁ፣ ሾፌሮች የነገሩኝን እጨምርበታለሁ፣ የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ስለ ባሕር ግን ግማሽ ቀን ማውራት እችል ነበር።

ሐሚድ የሚፈልገው ደማዚንን ነው። ከኩርሙክ ድንበሩን ተሻግሮ የምትገኝ የሱዳን ከተማ ናት። አክስቱ እዚያ ሻይ ትሸጣለች፤ ዐረብኛውን ይችለዋል፤ ክረምት ሲገባም ተመልሶ የእናቱን ማሽላ መዝራት ይችላል።

«ደማዚን ጥሩ ነው» ይለኛል በተሰባበረ አማርኛው። «ሰው አለ። እናት ቅርብ ነው።»

«ደማዚንማ ከአምባ ስምንት አምባ ዘጠኝ እንደመሄድ ነው! ሰው አገር ከለወጠ አይቀር ይለውጥ። ሊቢያ ነው እንጂ። አስፋልቱ እስከ ባሕር ድረስ ነው።»

«አንተ አይተህ ነው?»

«ሰምቼ ነዋ!»

በመጀመሪያው ወር ይስቅብኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ሳቁን ትቶ ባሕሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ ይጠይቀኝ ጀመር።

ማንጎው ቢጫ መምታት ሲጀምር ሁለታችንም ሊቢያ መሄዳችን ቁርጥ ሆነ። ከመሄዳችን በፊት ግን የሁለቱንም እናቶች መሬት መመንጠር ነበረብን፤ ዝናቡ ሳይመጣ ቁጥቋጦው ካልተቆረጠና ካልተቃጠለ የሚዘራበት የለም። እንደ ልማዳችን ወንፈል ገባን። አንድ ቀን ለእኔ እናት፣ አንድ ቀን ለእሱ እናት። ወንፈል የሚጻፍ ነገር አይደለም። ሰው ቀኑን ከሰጠህ፣ ራስህ ተገኝተህ በገዛ ክንድህ ቀኑን ትመልሳለህ።

የእኛ ተራ ቀደመ። ሐሚድ ቀኑን ሙሉ በገጀራ መነጠረ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ስለ ሊቢያ አወራሁ። እናቱ እማማ ሐሊማ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዘውልን መጡ፤ ከበን በላን።

«ነገ የእኔ» አሉ፣ ወደ መሬታቸው እያመለከቱ።

«ነገ በማለዳ!» አልኳቸው።

በማለዳው ግን ወደ ኩርሙክ የሚሄድ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አገኘን። ሌላ መኪና መቼ እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም። ሐሚድ አመነታ። «የእናት ቀንስ?» አለኝ። የጎተትኩት እኔ ነኝ።

«እማማ ሐሊማ፣ ከሊቢያ ትራክተር እንልክልዎታለን!»

ሳቁብኝ። «ትራክተር ተወው። አንተ ቀን አለብህ» አሉኝ።

የኩርሙኩን መንገድ ያኔ መንገድ ያልነው አክብረነው ነው። ቀይ አቧራ ለብሰን፣ ጥሬ ማንጎ በጨው እየገመጥን ደረስን። ገበያው ውስጥ አንድ ደላላ ሁለት መኪና አሳየን፤ አንዱ ደማዚን ላይ የሚያበቃ፣ ሌላው በካርቱም አድርጎ ወደ ሊቢያ በረሃ ለሚያሻግሩ ሰዎች የሚያስረክብ። ከዚያ፣ ሻይ ውስጥ ስኳር ስንት ልጨምር እንደሚል ሰው ተረጋግቶ «መንገድ ላይ የሆነ ነገር ቢደርስባችሁ ለማን ይነገር?» አለን።

ሐሚድ የእናቱን ስም ሰጠ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ሆዴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ማንጎው ነው አልኩ። ማንጎው አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ሬድዮዋ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም።

«አመመኝ፤ በሚቀጥለው መኪና እደርስብሃለሁ» አልኩት።

ሐሚድ ግንባሬን ዳሰሰ። ትኩሳት የለም።

«እንግዲያ ደማዚን እንሂድ» አለኝ። «ቅርብ ነው። አክስት አለ። አንተ ስትድን ሊቢያ አብረን።»

እሺ ብዬው ቢሆን፣ ወይም ፈራሁ ብዬው ቢሆን፣ አክስቱ ቤት ያድር ነበር። ነገር ግን ደማዚን ወራት ሙሉ የቀለድኩባት ከተማ ናት። እሺ ማለት የሬድዮዋን ባለቤት ማዋረድ መሰለኝ።

«ስለ እኔ ለምን ትዘገያለህ? ሂድና ቦታ ያዝልኝ» አልኩት።

አምኖኝ ሄደ። ሕመሜም የተሳፈረበት መኪና ከዓይኔ ሳይጠፋ ለቀቀኝ።

ስመለስ የእማማ ሐሊማ መሬት ሳይመነጠር እንዳለ ነበር። ቀኔን መመለስ ይገባኝ ነበር፤ ግን ከሄድኩ ይጠይቁኛል። እርሻዬ ለመድረስ በወንዙ በኩል መዞር ጀመርኩ። የገጀራቸው ድምፅ ግን እዚያም ይደርሰኝ ነበር። ብቻቸውን መነጠሩት።

ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ሾፌር ከሰው ሰው የተቀባበሉትን መልእክት አደረሰኝ። «ለሰይድ፣ ባሕሩ እውነት ነው በሉት ብሏል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከሐሚድ ቃል አልመጣም። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም።

ስንት ዓመት ቆይቼ ለእናቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላመመኝም ነበር አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያመመው ሰው ከኩርሙክ እንደዚያ ቶሎ አይመጣም።»

በማግሥቱ ገጀራዬን ስዬ መሬታቸው ላይ ተገኘሁ። አላስነኩኝም። «ሐሚድ ሲመጣ፣ አብራችሁ» ብለው መለሱኝ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ባጃጁ ውስጥ ለሩቂያ ነገርኳት፤ ቤታችን ደጃፍ ደርሰን ቆመን እንኳ አልጨረስኩም ነበር፤ ባለ ባጃጁም ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል። ጥያቄዋን አልደገመችም። ቅጹን ባዶውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቤት ገብታ ዱባይ ላለችው ጓደኛዋ ስትደውል ሰማሁ፤ ምን እንደምትጠይቃት እንዳልሰማ ብዬ ሬድዮ ከፈትኩ። ምክር ለመስጠት አፌ ሲበላኝ የማደርገው ይህን ነው።

እማማ ሐሊማ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔን የሚለዩኝ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰምተው ነው። በየዓመቱ ማንጎው ቢጫ ሲመታ ገጀራዬን ስዬ እሄዳለሁ። ዘንድሮም ሄጄ ነበር። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «ጥሩ ነው፤ አስቀምጠው» አሉኝ።

አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቀን አለብኝ።