የማልታው አደራ

ስሙኝማ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ አላድርም። እኔና እህቴ አዋጥተን ለእማዬ ሜዲትራኒያን ላይ የሦስት ሳምንት የመርከብ ጉዞ ትኬት ቆረጥንላት፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። እዚህ በስደት ባለንበት ከተማ፣ ዲኤፍደብሊው በሚባለው ኤርፖርት የሰው ዊልቸር ስትገፋ የኖረች ሴት ናት። አምሮቷ አንድ ብቻ ነበር፦ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣበት ማልታ ወርዳ ቤተክርስቲያኑን መሳለም።

ወሬው ሰፈራችን ቪከሪ ሜዶ ሲደርስ ከታች ቤት ያሉት እትዬ ሻንጣ እየጎተቱ መጡ። "ማልታ ላለው የእህቴ ልጅ አድርሱልኝ። ትንሽ ነገር ናት፣ አደራ" አሉ።

መርከቡ ማልታ የሚቆመው ለስድስት ሰዓት ብቻ ነው። አምስቱን ሰዓት ወደቡ በር ላይ ልጁን ስንጠብቅ ጨረስነው። እኔ ቆሜ መቆየት አቅቶኝ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ኮል ሳደርግለት አያነሳም።

"እማ፣ ለዘበኛው ሰጥተን እንሂድ በቃ።"

"የሰው አደራ በልቼ ነው ቅዱስ የምሳለመው?"

ልጁ ከሥራ ወጥቶ እየሮጠ መጣ። ሻንጣውን ከፈተና ሳቀ፤ ሳሙና፣ ሻምፖ፣ ካልሲ።

"እማማ፣ ይሄ እኮ እዚህ ሱቁ ሁሉ ሞልቷል።"

መርከቡ ጮኸ፣ ተመለስን። እማዬ ከመርከቡ ላይ ሆና አንድ ጉልላት በሩቁ ተሳለመች፤ የጳውሎስ ይሁን የሌላ እንኳ አላወቀችም።

እንዲያው እትዬ፣ ማልታ ሳሙና ጠፋ ያለዎት ማነው?