አሮጌ ቧንቧ አይታጠብም

ሰፈርተኛው «ጋሽ ጠብታ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆይና «እዚህ ጋ ነው፤ ቆፍሩት» ይላል። ሲቆፈር ቧንቧው እዚያው ጋ ተሰንጥቆ ይገኛል። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ የሰው ግድግዳ ሲያዳምጥ ኖረ። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ቢሆነውም መፍቻዎቹ በረንዳው ላይ በዘይት ታሽተው፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ ተሰልፈው ተሰቅለዋል።

«የጎረቤት ቧንቧ ሲያስነጥስ ይሰማል፤ እኔ ሦስቴ ስጠራው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ!» ትላለች ሚስቱ። ክርና ቁልፍ የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ሱቋን ዘጋች እንጂ ምላሷ ጡረታ አልወጣም። ልቅሶ ቤት እንኳ ገብታ ሰው አስቃ የምትወጣ ሴት ናት።

ጋሽ ጠብታ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ነበር፤ እሷ ቀድማው እንዳትሄድ።

«እኔ ልቅደም» ይላታል አልፎ አልፎ፣ ነገር ሲከብደው።

«ቅደም፣ ማን ያዘህ? ብቻ ካልሲህን ከወንበሩ ላይ አንሥተህ ሂድ።»

ነገሩ የጀመረው በማዞር ነው። ስድሳ ስድስት ዓመቷን በያዘች ሰሞን፣ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ቤቱ ይሽከረከርባት ጀመር። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ አስተማሪ ናት፤ መጥታ እናቷን ጎትታ ክሊኒክ ወሰደቻት። እሱም አብሮ ሄደ። በባዶ ሆዷ ደም ሰጠች፤ በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ሊሰሙ ሦስቱም ተመልሰው ሄዱ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ፊቷ ፈገግታ አያጣውም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ ከበበችው።

«ይኸውልዎት እማማ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል መቶ ሰባ ስምንት ደርሷል። ግፊትም አለብዎት፣ ዕድሜም አለ። ስለዚህ ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱን እንጀምራለን። በየቀኑ አንድ ፍሬ፤ እንዳይቋረጥ።»

«መጥፎው ይኼ ከሆነ ደጉስ የት ሄደ?» አለች ሚስትየዋ።

«ደጉ ትንሽ ነው።»

«እንደ ሰው በይኛ!»

ሐኪሟ ስቃ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ሙያዎ ምን ነበር?»

«የውኃ መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ቧንቧ።»

«እንግዲያውማ ከእኔ በላይ ይገባዎታል! የደም ሥር ማለት ቧንቧ ነው። ውስጡ እየተጋገረ ይጠባል። መድኃኒቱ ያንን ይቀንሳል ማለት ነው።»

ነገር በምሳሌ ማስረዳቷ በደግ ልብ ነበር። ውጭ አግዳሚው ላይ ሃያ ሰው ይጠብቃታል፤ ያለቻት ደቂቃ ያችው ብቻ ነበረች። ጋሽ ጠብታም ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ገብቶታል። የገባው ግን እሷ ባሰበችው መንገድ አልነበረም።

ሦስት ወር ሚስቱ መድኃኒቷን ሳታዛንፍ ወሰደች። ደሟ እንደገና ሲመረመር ያ መቶ ሰባ ስምንት የነበረው ቁጥር ዘጠና ሰባት ሆኖ መጣ። ልጃቸው በደስታ እናቷን አገላብጣ ሳመቻት። ሐኪሟም «ጎበዝ! በዚሁ ይቀጥሉ» አለች።

ጋሽ ጠብታ ግን ወረቀቱን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠና ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው? ቁጥሩ ወርዷል እየተባለ የአንተ ፊት ለምን ይወርዳል?»

«የት ሄደ?» አለ።

«ምኑ?»

«የተጋገረው። ግማሹ ተነሥቷል እኮ። የት ሄደ?»

ከዚያ የአሮጌውን የተማሪዎች ማደሪያ ታሪክ አነሣባት። ለሷ አዲስ አይደለም፤ ስንቴ እንደሰማችው ቁጥሩን ረስታዋለች። ሃምሳ ዓመት ያገለገለ ሕንፃ ነበር። አንድ አዲስ መሐንዲስ «ውኃው እየቀነሰ ነው፤ ቧንቧዎቹ በኬሚካል ይታጠቡ» ብሎ አዘዘ። ጋሽ ጠብታ «አሮጌ ቧንቧ አይታጠብም ጌታዬ፤ ብረቱ ካለቀ ቆይቷል፤ አሁን ውኃውን የያዘው ዝገቱ ራሱ ነው» ቢል ማን ይስማው። ታጠበ። በማግሥቱ ጠዋት ግድግዳው ሁሉ አለቀሰ። ከሰላሳ በላይ ቦታ ላይ ፈነዳ፤ ከላይኛው ፎቅ የተፈነቀለው ቅርፊት ደግሞ ተንከባሎ የታችኞቹን መስመሮች ወትፎ ዘጋቸው። በሕይወቱ ሙሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ያልተሰማው ያን ቀን ነበርና ነገሩ ከአጥንቱ አልወጣም።

«እና እኔ የተማሪ ማደሪያ ነኝ?» አለችው ሚስቱ።

«አልቀልድም። ሐኪሟ ራሷ ቧንቧ ነው አላለችም? ስድሳ ስድስት ዓመት የሠራ ቧንቧ ነው። ያንን እያነሡት ከሄዱ ወይ ይፈነዳል፣ ወይ ቅርፊቱ ሄዶ አንድ ቦታ ይወተፋል።»

«ታዲያ ሂድና ጠይቃታ።»

አልጠየቀም። ለምን እንዳልጠየቀ ኋላ ላይ ራሱን ስንትና ስንት ጊዜ ጠይቋል። የተማረ ሰው ፊት ቆሞ ዳግመኛ «ተው አንተ፣ ምን ታውቃለህ» መባልን ፈርቶ ይሆን? ወይስ በእርግጠኛነቱ ታውሮ? ብቻ አልጠየቀም።

በዚያው ሳምንት ሚስቱ ባቷን አመማት። ጠዋት ስትነሣ ይይዛታል። መድኃኒቱ ከመጣ ወዲህ መሆኑን ነገረችው። ይህም ለሐኪሟ ቢነገር መጠኑን ትቀንስ፣ ወይ በሌላ ትለውጥ ነበር፤ መፍትሔ የማይገኝለት አልነበረም። ለጋሽ ጠብታ ግን ማስረጃ ሆነለት።

«አየሽ? መስመሩ መጨናነቅ ጀምሯል። ተይው።»

ሚስቱ ብልቃጡን በእጇ አገላበጠች። በዚህ ሁሉ ዘመን በቤቷ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ ያለቦታዋ ፈስሳ አታውቅም። ይህን ያደረገላት ሰው ነው የሚነግራት።

«አንተ ካልክ» አለች። «ለልጅቷ ግን አንተው ትዋሻለህ፤ እኔ ስዋሽ ፊቴ ያሳብቅብኛል።»

ልጃቸው በየምሽቱ ትደውላለች።

«አባዬ፣ እማዬ መድኃኒቷን ወሰደች?»

«ወስዳለች የኔ ልጅ።»

አምስት ወር ሙሉ፣ ድምፁ ሳይሰበር፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ወስዳለች» አለ። የባቷ ሕመምም ለቀቃት። እሷም ደህና ነበረች። እሱም በልቡ፣ ይህችኛዋን እንኳ ከመታጠብ አዳንኳት ይል ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የመጋረጃ ጫፍ ትጠልፋለች፤ እሱ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሐን ያጥባል። የሆነ ነገር ተናገረች። ቃሉ የተንጋደደ፣ ሰካራም የሚያወራው ዓይነት ነበር። ብቅ ብሎ ሲያያት ከንፈሯ በአንድ ወገን ዝቅ ብሏል።

ጋሽ ጠብታም ሳቀ።

ሁልጊዜ ሰው የምታስመስል ሴት ናት፤ አንዷን ጎረቤታቸውን እያስመሰለች መሰለው። «ተይ ባክሽ፣ ትሰማሻለች!» አላት እየሳቀ። መርፌው ከእጇ ወደቀ፤ ቀጥሎ እጇ ራሱ ከጭኗ ላይ ተንሸራትቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ያኔ ሰሐኑን ጥሎ ወደ እሷ ሮጠ። ዛሬም ከሁሉ ይልቅ የሚያቃጥለው ያች ሳቅ ናት።

ሆስፒታል ደረሱ። በጭንቅላቷ ውስጥ ደም የሚያደርስ አንድ መስመር ተዘግቷል ተባለ። ቀኝ እጇና እግሯ አልታዘዝ አሉ፤ አንደበቷ ታሰረ። ልጃቸው እየሮጠች መጣች። ነርሷ ታማሚዋ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስትጠይቅ ልጅቷ በቃሏ ዘረዘረችላት፤ የግፊቱን፣ ከዚያም ስታቲኑን። «በየቀኑ ነው የምትወስደው፤ እኔ ራሴ ነኝ የምከታተላት።» አባትየው አጠገቧ ቆሟል። አፉ ተለጎመ።

አሥራ አንድ ቀን እንደተለጎመ ቆየ። ቀን ቀን የሚስቱን የሞተ እጅ ይዞ ይቀመጣል፤ ሰው ሲመጣ ይነሣል፤ «አይዞዎት አባባ፣ የሚቻለውን ሁሉ አድርጋችኋል» ሲሉት ወለሉን ያያል። እንደዚያ ከሚሉት ቢረግሙት ይሻለው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጸጉሩ የሸበተው ሐኪም መጣና ለልጅቷ ሊያስረዳ ጀመረ። «ስታቲኑን እየወሰደች ነው የመጣባት፤ ስለዚህ ያ መጠን አልበቃትም ማለት ነው። አሁን ከፍ አድርገን...»

«አትወስድም ነበር» አለ ጋሽ ጠብታ።

ሁለቱም ዞሩ።

«እኔ ነኝ ያስተውኳት። አሮጌ ቧንቧ አይታጠብም ብዬ።»

ሁሉንም ተናገረ፤ ማደሪያውን፣ ቅርፊቱን፣ ዘጠና ሰባትን። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። አልተቆጣም።

«አባባ፣ የደም ሥር ብረት አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስቡ እንደ ዝገት ላዩ ላይ አይጋገርም፤ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። መድኃኒቱም ፍቆ አያወርደውም። ጉበት ኮሌስትሮል ማምረቱን እንዲቀንስ ያደርጋል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለውም እንዲረጋ፣ ድንገት እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ቁጥሩ የወረደው ሥራውን ስለሠራ ነበር እንጂ ተጠርጎ የትም ሄዶ አልተወተፈም።»

እንዲህ ቀላል ነበር። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ታዲያ ብትወስደው ኖሮ ይቀርላት ነበር?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ያንን ማንም ሊነግርዎ አይችልም። መድኃኒቱ ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይሰጥም። እየወሰዱም የሚመጣባቸው አሉ። አሁንም ቢሆን የምንሰጣት ያንኑ ከፍ ያለውን ነው።»

ይህ ከፍርድ የባሰ ነበር። ጋሽ ጠብታ ዕድሜ ልኩን የኖረው፣ የትኛውም ፍሳሽ ጣት የሚያርፍበት ቦታ አለው ብሎ ነው። ትቆፍራለህ፣ ታገኘዋለህ፣ «ይኸው፣ ከዚህ ነው» ትላለህ። አሁን ግን «ጥፋቱ የአንተ ነው» ወይም «አይደለም» የሚለው አጣ። የሚቆፈር ግድግዳ አልነበረም።

ልጁ ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ተከተላት።

«ስንት ወር?» አለችው፣ ሳትዞር።

«አምስት።»

«በየምሽቱ እየደወልኩልህ?»

«በየምሽቱ።»

ብትጮህ፣ ብትሰድበው ይገላገል ነበር። እሷ ግን የመሐረቧን ጫፍ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆይታ፣ «እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ» አለች። «እንድትመጣ አልከለክልህም። መድኃኒቷን ግን እንዳትነካ አባዬ።»

ከዚያ ወዲህ ክረምት አልፎ በጋ ገብቷል። ጋሽ ጠብታ በየቀኑ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ልጁ ቤት ይሄዳል። የልጁ ፊት አልተፈታለትም፤ ምሳ ታቀርብለታለች፣ «ጨው ልጨምርልህ?» ትለዋለች፣ ከዚያ በላይ ወሬ የለም። የእሱም ደም ተመርምሮ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሏል ተብሏልና ስታቲን ይወስዳል። አንድ ቀን አያስታጉልም። ግን ብልቃጡን በከፈተ ቁጥር፣ «እኔ ልቅደም» ሲል የኖረ ሰው ይህን የሚውጠው ለምን እንደሆነ ይጠፋበታል።

ሚስቱ በምርኩዝ ጥቂት እርምጃ ትሄዳለች። ከዚያ ሁሉ አንደበት የተመለሰላት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ነገ»። ውኃ ሲጠማት «ነገ» ትላለች። እግሯን ሲያማት «ነገ»። የልጅ ልጆቿ ሲስሟትም፣ ዓይኗ እየሳቀ «ነገ፣ ነገ»። ሐኪሞቹ በዚህ ዓይነት ሕመም እንዲህ እንደሚያጋጥም፣ ቃሉ ለሁሉም ነገር እንደሚወጣና የፈለገችው እሱን ነው ማለት እንዳልሆነ አስረድተዋል። ንግግር የምታስተምራት ባለሙያ ሌሎች ቃላትም ሊመጡ ይችላሉ ትላለች፤ ልጃቸው ይህን አምና በየቀኑ የምስል ካርዶች እያሳየች ታለማምዳታለች።

እሱ ከካርዶቹ በኋላ፣ ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ወንበሩን ወደ ሚስቱ ያስጠጋል። ደህናውን እጇን ይይዛል።

«ይቅር በይኝ» ይላታል።

ረዘም አድርጋ ታየዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይገተራል።

«ነገ» ትለዋለች።

ዓይኗን ለማንበብ ይሞክራል፤ አንዳንድ ቀን ምሕረት ያለበት ይመስለዋል፤ አንዳንድ ቀን ድካም ብቻ። ሲመሽ ካፖርቱን ለብሶ ወደ አውቶቡሱ ይወርዳል።