ሙዚየም የሚሳለሙ ሰዎች

ባለቤቴ አርክቴክት ነበር። የመጨረሻ ሥራው ወደ ቁስቋም መውጫ ላይ ላለው አሮጌ ሙዚየም የነደፈው አዲሱ የሕዝብ መግቢያ ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ አላየውም፤ በየጠዋቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ እኔ አይለታለሁ።

ባለፈው ሳምንት መግቢያው ሊፈርስ ነው ሲባል ሰማሁና ንድፉን ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። አንድ ድንጋይ ላላስነካ ቆርጬ ነበር።

የማፍረሱ ሥራ ኃላፊ ወጣት መሐንዲስ ነው። መግቢያው ላይ በትሕትና ተቀበለኝ።

"እትዬ፣ ሥራው ግሩም ነው። ችግሩ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን እየመሰለው ይሳለመዋል። ጎብኚው መግቢያ አጣ።"

"ውሸት!" አልኩ።

አፌን ሳልዘጋ አንዲት አሮጊት መጡና ጫማቸውን አውልቀው፣ የግራውን ምሰሶ ስመው አማተቡ።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው" አልኳቸው።

"ይርዳን ልጄ! መቼ ነው የሚነግሠው?"

መሐንዲሱ ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን ባሰብኝ። "ይህን ነገር ያስጀመረው ሰው ተፈልጎ ይነገረው እንጂ፣ የባለቤቴ ሥራ አይፈርስም!" ብዬ ጮህኩ።

የበሩ ጥበቃ ኮፍያውን አወለቀ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ያስጀመሩት እርስዎ ነዎት። በሩ ከተከፈተ ጀምሮ በየጠዋቱ ጥቁር ነጠላዎን አጣፍተው ያንን ምሰሶ ሲስሙ ሰዉ አይቶ ነው የተከተለዎት።"