የስምሪቱ ሰውዬና የባለቤቴ ተራ

ተወልጄ ያደግሁት ጂንካ ነው፤ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። እዚህ ከተማ አጎት የለኝ፣ አክስት የለኝ። ዘመዶቼ ማኅበርተኞቼ ናቸው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በልደታ ዕለት፣ ተሰብስበን ጽዋ እንጠጣለን፤ የወሩ ባለተራ ዝክሩን ደግሶ ሲያበቃ ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ታዲያ አንድ ሥርዓት አለን፤ ሰጪና ተቀባይ ቂም ይዘው ጽዋ አይቀባበሉም።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ተሳቢውን ያገኘው ከአንድ የጭነት ድርጅት በሊዝ ነው። ውሉን ከመፈረሙ በፊት እኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ወረቀት ሳላነብ አላሳልፍም። ከሚጭነው ሒሳብ ላይ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፈላል፣ ተከፍሎ ሲያልቅ መኪናው የእኛ ይሆናል፤ ሦስት ወር በተከታታይ ካልተከፈለ ግን ድርጅቱ መኪናውን ይወስዳል። ይህን ሁሉ አንብቤ አንድ ነገር አላሰብኩም። ጭነት የሚሰጠው ራሱ ድርጅቱ ነው። ጭነት ካልሰጡት ከምን ላይ ይቆረጣል?

በድርጅቱ ለሹፌሮቹ በተራ ጭነት የሚያድለው የስምሪቱ ሰውዬ ከእኛ ሕንፃ ማዶ የሚኖር ማኅበርተኛችን ነው። ባለቤቴ የዘገየ ውሎ አበሉን በሰው ፊት ጮክ ብሎ ከጠየቀው ወዲህ፣ በደወለ ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ፤ «ተራህ ገና ነው።» ተራው የት እንደደረሰ ከሰውዬው በቀር የሚያውቅ የለም። ሁለት ወር ክፍያ ሳይገባ አለፈ። ይኼኛውም እንዲሁ ካለፈ መኪናው ሊሄድ ነው።

በዚህ መሃል የዝክሩ ባለተራ የስምሪቱ ሰውዬ ሆኖ ቁጭ አለ። ከእሱ እጅ ጽዋ የሚረከበውስ? የእኔው ባለቤት።

«አልሄድም» አለኝ ጫማውን እያሰረ። እኛ ቤት አልሄድም የሚባለው ጫማ እየታሰረ ነው።

«ጽዋው የእሱ አይደለም፣ የእመቤታችን ነው» አልኩት።

«ጭነቱም የእመቤታችን ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ጅቡቲ ነበርኩ።»

አማተብኩ። ሳቄ ግን አመለጠኝ።

ዝክሩ የተሰናዳው ኮሚናሉ ውስጥ፣ ነዋሪው በጋራ በሚጠቀምበት አዳራሽ ነበር። የሰውዬው ሚስት እጇ ይባረክ፣ ዳቦዋም ጠላዋም ልክ ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ፣ የማኅበሩ ካህን ጸሎት አደረሱ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴያችን፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ተነሥተው እንደ ወትሮው ጠየቁ።

«ሰጪም ተቀባይም፣ በልባችሁ የያዛችሁት ነገር አለ?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ሁልጊዜ «የለም» ነው። ሙሴም የሚጠይቁት እጃቸውን ወደ ጽዋው እየዘረጉ ነው። ባለቤቴ ግን እጆቹን ከነጠላው ሥር ከተተ።

«ምነው ልጄ? ቂም አለህ?»

«ጋሼ፣ ከሰው ጋር ጠብ የለኝም። ከስምሪት ጋር ነው።»

ጥግ ይዘው የተቀመጡትን፣ ከዚያው ድርጅት የሚጭኑ ማኅበርተኛ ሹፌሮች ጠላው ትን አላቸው። ሙሴ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ስምሪት የሚባለው እዚህ አለ?»

«ያው ጽዋውን ይዞ ቆሞልዎታል!» አለ አንዱ ሹፌር።

ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። «ጋሼ፣ የእኔን አበሳ ማን አየልኝ! ሥራ አስኪያጁ ለዚህ ስጥ ይላል፣ ባለ ዕቃው ያንን ሹፌር ላክልኝ ይላል፣ የሚሰደበው ስምሪት ነው። እሱ ደግሞ በአበል የተነሣ በሰው ፊት አዋረደኝ።»

«በጆሮህ ስጠይቅህ ከርሜ ነዋ!»

«ከፋዩ እኔ ነኝ? ፋይናንስ አይደለም?»

«እሺ፣ ተራዬንም የያዘብኝ ፋይናንስ ነው?»

ሰውዬው ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ተቀይሜህ ነው ያቆየሁህ። ይቅር በለኝ» አለ። ባለቤቴም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው። ካህኑ መስቀላቸውን አሳለሟቸው፣ እኛም እልልታውን አቀለጥነው። ሰውዬው ቀለል ሲለው ጊዜ ይባስ ብሎ ቸር ሆነ።

«ነገ ቡና የሚጭን መኪና ይፈለጋል። አንደኛ አንተን አወጣለሁ!»

ስለቴ ደረሰ ብዬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሰበሰብኩ። ባለቤቴ ግን፣

«የማንን ተራ ነው የምትሰጠኝ?» አለ።

«የእኔን ነዋ!» አለ አንዱ ሹፌር ከጥግ። «እኔ እኮ ከአንተ ፊት ነኝ!»

«የእኔንም ጨምርለት» አለ ሌላው።

ከነጠላዬ ሥር የባለቤቴን ጎን ቆነጠጥኩ፤ እሺ በል ማለቴ ነው። ከነመኖሬም አላስታወሰኝ።

«ያስለቀሰን ይኸው አይደል ወንድሜ? ለአንዱ ብለህ የሌላውን ስትነሣ። እኔ የምፈልገው ተራዬን ነው። በስልክ ለየብቻ አትንገረን፤ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም በተሰበሰብንበት ጮክ ብለህ ጥራው።»

«ሥራ አስኪያጁ ቢቆጣስ…» ብሎ ጀመረ ሰውዬው።

«እሳቸው ማኅበርተኛ አይደሉም፣ አንተ ነህ» አሉት ሙሴ።

«እሺ» አለ ሰውዬው። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ቤት ስንገባ አኮረፍኩት። ጭነት በእጁ ሲሰጡት ተራ የሚቆጥር ሰው ምን ይባላል? እሱ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ የእመቤታችን ሥዕል ሥር አስቀመጠና፣ «የሰው ተራ ይዤ ይቺን እንዴት እጠጣለሁ?» አለኝ። ኩርፊያዬን ግን ቶሎ አልተውኩም።

በነጋታው ኪዳን አድርሼ ተከተልኩት። የድርጅቱ ቢሮ ወደ ሜክሲኮ ሲወጡ ያለ ፎቅ ላይ ነው፤ ሹፌሮቹ ከሥሩ ባለችው ቦንቦሊኖ ቤት ደጃፍ ተኮልኩለዋል። የስምሪቱ ሰውዬ ደረጃው ላይ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገና የሰሌዳ ቁጥር መጥራት ጀመረ። ሹፌሮቹ ሎተሪ የወጣላቸው ይመስል አጨበጨቡ። ባለቤቴ ሦስተኛ ሆነ። የዕለቱ ጭነት ለሁለት መኪና ብቻ ነበር።

ሰውዬው አፍሮ ወደ እኛ አየ። ባለቤቴ ግን ሳቀ፤ ስንት ጊዜ ሳይስቅ የከረመ ሰው!

«ሦስተኛ መሆኔን እኮ ዛሬ ገና አወቅኩ» አለኝ። ያን ቀን ምሳውን ጠራርጎ በላ።

በማግስቱ ጭነት የለም ተባለ። ቀጥሎም የለም። ወሩ እየተጋመሰ ሄደ፤ እኔ በጸሎት፣ እሱ በየጠዋቱ ደረጃው ሥር። አንድ ማለዳ አብሬው ሄጄ ነበር፤ እሱ ትኩስ ቦንቦሊኖ ጎርሶ ሳለ የእኛ ሰሌዳ ቁጥር ተጠራ። ቢል ቢል ድምፅ አልወጣ አለው። ሰውዬው ዳግም ሲጠራ እኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አሜን ስል ድምፄ የማይሰማው ሴት፣ መንገዱ እስኪደነግጥ ጮህኩ።

«አለ! እዚህ አለ!»

«እትዬ፣ የሚነዱት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ አንዱ።

«አፉ ሞልቶበት ነው!»

ቡና ይዞ ጅቡቲ፣ ማዳበሪያ ይዞ መልስ ነበር የደረሰው። የዚያ ደርሶ መልስ ሒሳብ የወሩን ክፍያ ከነውዝፉ ዘግቶልን መኪናው በእጃችን ቀርቷል፤ አምላክ ይመስገን። ያን ጠዋት ግን ባለቤቴ ጉርሻውን ሳይውጥ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ቀሪውን ቦንቦሊኖ በወረቀት አስጠቀለልኩለት። ሻጯ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ «ባሌ ነው፣ ሊጭን ነው» አልኳት።