የቀበሌው ጀልባ እና የእናቴ ጎመን

በሕይወቴ ጀልባ የቀዘፍኩት ልደታ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ልደታ ባሕር ከየት አምጥታ! ባሕር ባይኖራትም ቀበሌ ነበራት፤ የእኛ ቀበሌ ደግሞ አንዴ ያሰበውን ሳያደርግ እንቅልፍ አይወስደውም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሰፈራችን በታች የምትወርደው ወንዝ በበጋ የእግር ጣት እንኳ በወጉ የማታረጥብ፣ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ የሚጣልባት ምስኪን ነበረች። ሊቀመንበራችን ሐይቅ ያለበት ከተማ ለስብሰባ ሄደው፣ ሰው በጀልባ ሲንሸራሸር አይተው መጡ። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ አካፋና ዶማ ይዞ ለዘመቻ ወጣ። ዳርቻው ተጠረገ፣ ድንጋይ ተደርድሮ ኖራ ተቀባ፣ ወንዟም ተገድባ ኩሬ ልትሆን ሆነ። ጀልባውን አንድ የተክለ ሃይማኖት ቆርቆሮ ሠሪ ከበርሜል ቀጥቅጦ አወጣው።

ለላብ አደሮች ቀን አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተው እንዲንሸራሸሩበት ተወሰነ። ከወደዱት ኩሬው ይሰፋል፤ ካልወደዱት ነገሩ በዚያው ይቀራል። የሚሰፋው ደግሞ በእናቴ የጎመን መደብ ላይ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔንና ሦስት ታናናሾቼን ያሳደገን ያ መደብ ነበር፤ ጎመኑን ተክለ ሃይማኖት ጉሊት ተቀምጣ ትሸጣለች።

ለእኩልነቱ ሲባል ቀዛፊዋ ሴት ትሁን ተባለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩና ተመረጥኩ። አስተማሪ ሆነው የተመደቡልኝ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የኖሩ ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ እኔ እዚያ የነበርኩት ወጥ ስሠራ ነው። ባሕሩን ያየሁት በኩሽናው መስኮት ነው፤ አደራ እንዳትናገሪ" አሉኝ።

ግድቡ እስኪሞላ ድረስ የተማርኩት በቀበሌው አዳራሽ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በሁለት መጥረጊያ፣ ግድግዳው ላይ በፎቶ የተሰቀሉትን የሶሻሊዝም ጢማሞች እያየሁ አየሩን እቀዝፋለሁ። ውሃው ላይ ስንወርድ ግን ጉድ ፈላ፤ ለካ ቀዛፊ የሚሄደው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ሊቀመንበሩ ከዳር ሆነው ጮኹ።

"ጓዲት! ወዴት ነው የምታዪው?"

"ወደ ኋላ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጀልባ የሚቀዘፈው እንዲህ ነው።"

"በላብ አደሩ ቀን ወደ ኋላ እያየን አንጓዝም! ዙሪ!"

ዞርኩ። ፊት ለፊት እያዩ ለመቅዘፍ መቅዘፊያውን በመሳብ ፈንታ መግፋት ያስፈልጋል፤ ጀልባው እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ውሃው ከወገብ አያልፍም፤ ሽታው ግን ሳምንት ይከርማል። ቀስ በቀስ ግን አንዱን እጅ ከበድ፣ አንዱን ቀለል እያደረጉ ማዞር ገባኝ። ወደድኩት። ምን ያህል እንደወደድኩት ለማንም አልተናገርኩም።

በበዓሉ ዋዜማ እናቴ ቀሚሴን እየተኮሰች "ገልብጪው" አለችኝ።

"ማንን?"

"ሰውዬውን ነዋ! ወገቡ ድረስ ነው፣ አይሞትም። ታጥቦ ይሄዳል፣ ኩሬውም ይቀራል።"

"ቢያስሩኝስ?"

"ሁለቴ ወድቀሽ የለ እንዴ? 'ድሮም አትችልም' ነው የሚሉሽ።"

እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር።

በማግስቱ ባለሥልጣኑ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው አንቀው ተቀመጡ። የቀበሌው ኪነት ይዘፍናል፤ ሰፈሩ ዳር ዳሩን ሞልቶታል። መሃል ላይ ስንደርስ ወደ ግራ ዘንበል ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ጀልባው ያን ቀን እንዴት እንደታዘዘኝ! ሰው አጨበጨበ። በዕድሜዬ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር። አንድ ዙር አዞርኳቸው፤ ሁለተኛውን ማንም ሳያዘኝ ጨመርኩበት። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ጀርባዬን ሰጥቼ ብቀዝፍ ኖሮ እናቴን አላያትም ነበር። አሁን ግን ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ አታጨበጭብም፣ ትጠብቃለች።

ባለሥልጣኑ ወርደው ሱሪያቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። አልረጠበም። "በጣም ጥሩ ነው፤ ይስፋ" አሉ።

እናቴ ጎመኑን ሳይደርስ ነቀለችው። እራት ላይ የእኔን ድርሻ ከሁሉም አብልጣ ቆለለችልኝና "ብዪ፣ ካፒቴን" አለች።

መደቡ ተቆፈረ። ክረምት ሲገባ ወንዟ ግድቡን፣ ኖራ የተቀባውን ድንጋይ፣ ጀልባውንና የእናቴን አፈር በአንድ ከሰዓት ጠራርጋ ወሰደች። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርተው ጎርፉን አወገዙ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ "ካፒቴን፣ ጎመን ገዝተሽ ነይ" ብላ ላከችኝ። ተክለ ሃይማኖት ጉሊቱ ጋ ስደርስ ከሴቶቹ መሃል አንድ ቦታ ባዶውን ነው፤ መቀመጫ ድንጋዩ ብቻ አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው ሴትዮ ጎመኑን አስራ እየሰጠችኝ፣ "የእናትሽ ቦታ ነው፤ ትመጣለች ብለን ሰው አላስቀመጥንበትም" አለችኝ።

ጎመኑን ታቅፌ እስከ ልደታ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ።